ከሳስካቱን እስከ ማዲሰን፦ የዴቢ ማኮርሚክ የበረዶ ላይ ዘመን



ስለ ሴቶች ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ንግሥቶችን፣ አርበኞችንና ታላላቅ ሯጮችን ነው። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሴት ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አይደለችም። ስሟ ዴቢ ማኮርሚክ ይባላል። በካናዳ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገች፣ ከርሊንግ በሚባለው የበረዶ ላይ ጨዋታ የአሜሪካን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮንነት ያበቃች የቡድን መሪ ናት። አራት ጊዜ በኦሊምፒክ ተሰልፋለች፤ ሜዳሊያ ግን አንድም ጊዜ አላገኘችም። ትልቁ ድልና የቀረው ሜዳሊያ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ ማየት ለእኛ ለማኅበርተኞች ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ብዙዎቻችን ከርሊንግን በቴሌቪዥን አይተን "እነዚህ ሰዎች በረዶ ላይ ቤት ይጠርጋሉ እንዴ?" ብለን ስቀን ይሆናል። ስለዚህ ከጨዋታው ልጀምር።

ከርሊንግ 45 ሜትር ያህል ርዝመትና 5 ሜትር ያህል ስፋት ባለው የበረዶ ወለል ላይ ይካሄዳል። በወለሉ ጫፍ ላይ አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ሆኖ ተሥሏል፤ ሲያዩት እንደ ስፌት ሰፌድ ነው። ተጫዋቾቹ "ቤት" ይሉታል። እያንዳንዱ ቡድን አራት ሰው አለው። የሚጫወቱበት ዕቃ እጀታ ያለው ክብ የግራናይት ድንጋይ ሲሆን ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ስመ ጥሩው ድንጋይ የሚወጣው በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ካለች ኤልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው። እያንዳንዷ ተጫዋች ከተቃራኒዋ ጋር እየተፈራረቀች ሁለት ሁለት ድንጋይ ታንሸራትታለች። አሥራ ስድስቱም ድንጋዮች ሲያልቁ አንድ ዙር ተፈጸመ ይባላል። ነጥብ የሚያገኘው ድንጋዩን ወደ ቤቱ መካከል ይበልጥ ያስጠጋው ቡድን ነው። በትልልቅ ውድድሮች አሥር ዙር ይጫወታሉ።

መጥረጊያው ታዲያ ለምንድን ነው? ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ሁለት የቡድን አባላት ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በኃይል ይጠርጉታል። ከመጥረግ የሚመጣው ሙቀት የበረዶውን ገጽ ስለሚያለሰልሰው ድንጋዩ ይበልጥ ርቆ ይሄዳል፣ መታጠፉም ይቀንሳል። መጥረግ ካቆሙ ቀድሞ ይቆማል፣ ይበልጥም ይታጠፋል። ያንሸራተተችው ሴት ድንጋዩ ከእጇ ከወጣ በኋላ ልታደርግለት የምትችለው ነገር የለም፤ የሚያደርሱላት እኅቶቿ ናቸው። ስኪፕ የምትባለው መሪ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ቆማ ድንጋዩ የት እንዲያርፍ እንደሚፈለግ ታመለክታለች፣ "ጥረጉ!" ወይም "ተዉት!" እያለች ትጮኻለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ድንጋዮች የምታንሸራትተውም እሷው ናት። ስለዚህ ሌሎቹ የሠሩት ሥራ በሙሉ በመጨረሻ የሚወድቀው በእሷ እጅ ላይ ነው።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የወደድኳቸው ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው፣ አንዲት ተጫዋች በስሕተት የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ብትነካ ዳኛ እስኪነግራት አትጠብቅም፤ ራሷ ትናገራለች። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፉት የተሸነፉትን አስቀምጠው የመጀመሪያውን መጠጥ ይጋብዛሉ።

ጨዋታውም ከአገር የወጣ ነው

ከርሊንግ በስኮትላንድ በረዶ በያዛቸው ሐይቆችና ኩሬዎች ላይ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጫወቱት የኖረ ነው። ስኮትላንዳውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሻገሩ ጨዋታቸውን ይዘው ሄዱ። በካናዳ የሞንትሪያል ከርሊንግ ክለብ በ1807 ተመሠረተ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የሚልዋኪ ክለብ በ1845 ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም አለ። ሰዎቹ ወደ አዲስ አገር ሲሄዱ ከቋንቋቸውና ከእምነታቸው ጋር ክረምትን በጋራ የሚያሳልፉበትን መንገድ ይዘው ሄዱ ማለት ነው።

ሴቶች ግን ተራቸውን ረዥም ጊዜ ጠብቀዋል። በሞንትሪያል የሴቶች ክለብ የተቋቋመው በ1894 ነው፤ ከወንዶቹ 87 ዓመት በኋላ። የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና በ1959 ሲጀመር፣ የሴቶቹ የተጀመረው በ1979 በስኮትላንድ ፐርዝ ከተማ ነበር። በኦሊምፒክ ወንዶች በ1924 በሻሞኒ ሲጫወቱ ሴቶች ለሜዳሊያ የተወዳደሩት በ1998 በናጋኖ ነው። ዴቢ ማኮርሚክ በዚያ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ተሰልፋ ነበር።

ከሳስካቱን ወደ ማዲሰን

ዴቢ በጥር 1974 በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት፣ ሳስካቱን ከተማ ተወለደች። ሳስካችዋን የስንዴ አገር ነው። ክረምቱ ረዥምና ብርቱ በመሆኑ በየትንንሹ ከተማ የከርሊንግ አዳራሽ ይገኛል፤ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ባለ ሱቁ ሁሉ ምሽቱን እዚያ ያሳልፋል። አባቷ ዋሊ ሄንሪም የከርሊንግ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሲሻገር ዴቢ ገና ልጅ ነበረች። ያደገችውም፣ ጨዋታውን የተማረችውም በማዲሰን አካባቢ ነው። አባቷ ከጊዜ በኋላ አሠልጣኝ ሆነው እስከ ኦሊምፒክ ድረስ አብረዋት ተጉዘዋል።

በአሜሪካ ከርሊንግ ትልቅ ገንዘብ የሚገኝበት ስፖርት አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በአባላት መዋጮና በነፃ ጉልበት ነው። በረዶውን የሚያዘጋጁት፣ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩት፣ ወጥ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ለአገራቸው የሚሰለፉትም ቢሆኑ ሌላ የእንጀራ ሥራ ነበራቸው። ዴቢ በቤት ግንባታ ዕቃ መደብር ትሠራ ነበር። ለብዙ ዓመታት አብራት የተጫወተችው አሊሰን ፖቲንጀር ደግሞ በምግብ አምራች ድርጅት ተቀጣሪ ነበረች። ከሥራ በኋላ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ጉዞ፣ ሰኞ ተመልሶ ሥራ፤ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው እንዲህ ነበር።

የናጋኖ ትውልድና የሳንድራ ሽመርለር ውርስ

በ1998 ናጋኖ የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው በሳንድራ ሽመርለር የሚመራው የካናዳ ቡድን ነበር። ሳንድራም የሳስካችዋን ልጅ ናት፤ የተወለደችው ከሳስካቱን ብዙም በማይርቅ ቢገር በሚባል ትንሽ ከተማ ነው። የካናዳን ማጣሪያ ያሸነፈችው በኅዳር 1997 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ሁለት ወር ያህል ነበር። አራስነቷ ሳያልቅ በረዶ ላይ ወርዳ መርታለች ማለት ነው።

ሳንድራ ብዙ አልኖረችም። በመጋቢት 2000 በካንሰር በሽታ በ36 ዓመቷ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ትታ ዐረፈች። ከእሷ በኋላ በስሟ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ታመው ለተወለዱ ሕፃናት ሕይወት ማዳኛ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ለካናዳ ሆስፒታሎች ይገዛል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከከርሊንግ ቤተሰቡ፣ ከክለቦችና ከተራ ሰዎች ነው። ደጋፊዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እፈልጋለሁ፤ አንዲት ሴት በጨዋታ ያገኘችው ስም ከሞተች በኋላ እንኳ የሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ዴቢ በናጋኖ ወጣት ነበረች፤ 24 ዓመቷ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2002 በሶልትሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ፣ በካሪ ኤሪክሰን የሚመራው ቡድን ሦስተኛ ተጫዋች ሆና ተሰለፈች። ቡድኑ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በስዊዘርላንድ ተሸነፈ፤ ለነሐስ ሜዳሊያ በተደረገው ጨዋታም በካናዳ ተረታ። አራተኛ ወጡ። አራተኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሯጮቻችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለመድረኩ በጣም ቀርቦ ከሥሩ መቆም ነው።

ዊኒፔግ፣ 2003

ከዚያ በኋላ ዴቢ ራሷ መሪ ሆነች። ቡድኗ አሊሰን ፖቲንጀር፣ አን ስዊስሄልምና ትሬሲ ሳክቲየን ነበሩ። በ2003 የዓለም ሻምፒዮና የተዘጋጀው በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ነበር። ዊኒፔግ ማለት ዴቢ ከተወለደችበት ግዛት ጎን ያለው የማኒቶባ ግዛት ዋና ከተማ ነው። ተመልካቹ የካናዳ ደጋፊ ነው፤ ጨዋታውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፣ እያንዳንዷን ድንጋይ የሚመዝን ሕዝብ ነው።

የአሜሪካ ሴቶች ከዚያ በፊት በ1992፣ በ1996 እና በ1999 ለፍጻሜ ደርሰው ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። የአሜሪካ ወንዶች በ1965 የዓለም ዋንጫ ሲያነሡ፣ ለሴቶቹ ግን ውድድራቸው ከተጀመረ 24 ዓመት ሞልቶም የመጨረሻዋ ደረጃ አልተወጣችም ነበር። በፍጻሜው የገጠሟቸው ደግሞ የካናዳዋ ኮሊን ጆንስና ቡድኗ ናቸው። ኮሊን በ2001 የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ በ2004ም እንደገና የምትሆን ታላቅ ተጫዋች ናት።

ውጤቱ 5 ለ 3 ሆነ። አሜሪካ አሸነፈች። መሪዋ የሳስካቱን ተወላጅ፣ ሦስተኛዋ ተጫዋች አሊሰን ደግሞ በኦንታሪዮ ግዛት ብራምፕተን የተወለደች ናት። "የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ" የሚለው የእኛ ተረት እዚያ ቢታወቅ ኖሮ፣ የዚያን ዕለት ሳይጠቀስ አይውልም ነበር። ካናዳ የተሸነፈችው ራሷ በወለደቻቸው ልጆች እጅ፣ በራሷ በረዶ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ የክህደት ታሪክ መፈለግ አይገባም። ዴቢ የጨዋታውን ፍቅር ያገኘችው ከካናዳዊ አባቷ፣ የተጫወተችበት አዳራሽ ደግሞ የማዲሰን ሰዎች በመዋጮ ያቆሙት ነው። ያሸነፈችው ድል የሁለቱም ነው። የካናዳ ክለቦች ለሁለት መቶ ዓመታት ያቆዩት ዕውቀት ድንበር ተሻግሮ ባይሄድ ኖሮ፣ የዊስኮንሲን ልጆች የሚማሩት አይኖርም ነበር።

ከድል በኋላ ያለው ዘመን

ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር፤ ግን አላበቃም። ለ2006 የቶሪኖ ኦሊምፒክ የአሜሪካን ማጣሪያ ያሸነፈው በካሲ ጆንሰን የሚመራ ወጣት ቡድን ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ዴቢ ቤት ቀረች። ነገር ግን ኦሊምፒኩ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት በካናዳ ግራንድ ፕሬሪ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካን ወክላ ቀረበች። ለፍጻሜ ደርሳ በቶሪኖ ወርቅ ካገኘችው ከስዊድናዊቷ አኔት ኖርበርግ ጋር ተጋጠመች። 10 ለ 9 ተሸነፈች፤ በአንዲት ነጥብ። ወደ ኦሊምፒክ ሳትሄድ የቀረች ሴት የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗን እስከ መጨረሻዋ ድንጋይ ድረስ አስጨንቃታለች።

በ2010 ኦሊምፒክ በካናዳ ቫንኩቨር ተዘጋጀ። ዴቢ ይህን ጊዜ የአሜሪካ መሪ ሆና፣ አባቷን በአሠልጣኝነት ይዛ ወደ ተወለደችበት አገር ተመለሰች። ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተው ሁለቱን ብቻ አሸነፉ፤ ከአሥር ቡድን አሥረኛ ወጡ። ከሰባት ዓመት በፊት በዚያው አገር ዋንጫ ያነሣች እጅ በዚያው አገር ባዶዋን ተመለሰች።

በዚያው በቫንኩቨር ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላ ሰው ነበር። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። በአዲስ አበባ በ1974 ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በበረዶ መንሸራተት ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 በቶሪኖ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊ ነው። በ2010ም በቫንኩቨር ተሰልፏል። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተወልደው፣ ሁለቱም በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ እሷ ላደገችበት አገር፣ እሱ ለተወለደበት አገር ተሰለፉ። የአንዳቸው ምርጫ የሌላውን አያሳንሰውም።

ከመሪነት ወርዶ ማገልገል

ከቫንኩቨር በኋላ ዴቢ ያደረገችው ነገር፣ ለእኔ ከ2003ቱ ዋንጫ የማያንስ ነው። ለዓመታት "ጥረጉ!" ስትል የኖረች መሪ መሪነቱን ለኤሪካ ብራውን ለቃ ሦስተኛ ተጫዋች ሆነች። በከርሊንግ ሦስተኛዋ ተጫዋች የመሪዋ አማካሪ ናት። መሪዋ ድንጋይ ስታንሸራትት በወዲያኛው ጫፍ ቆማ የምታመለክትላት እሷ ናት፤ ሌላ ጊዜ ግን መጥረጊያዋን ይዛ ትሮጣለች። ይህ ቡድን በ2013 በላትቪያ ሪጋ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ወጥቶ ለአሜሪካ የኦሊምፒክ ቦታ አስገኘ። በ2014 በሶቺ ዴቢ በ40 ዓመቷ ለአራተኛ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ቆመች። ከጎኗ የ2003 ጓደኛዋ አን ስዊስሄልም ነበረች፤ ለዓመታት ከውድድር ርቃ ቆይታ በ45 ዓመቷ ተመልሳ። አሊሰን ፖቲንጀርም በተጠባባቂነት አብራ ነበረች። አሁንም አሸናፊነት አልመጣም፤ ከዘጠኝ ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸነፉ።

እንግዲህ አንድ ሰው የኦሊምፒክ ሰንጠረዥን ብቻ ቢመለከት፣ በ2010 አሥረኛ፣ በ2014 አሥረኛ የሚል ያገኛል። በ2003 የተሠራው እዚያ አይታይም። ከሃያ ዓመት በላይ በረዶ ላይ መቆየቷ አይታይም። መሪነትን ተረክባ፣ ጊዜው ሲደርስ አስረክባ፣ ከዚያም ሳትኮራ መጥረጊያ ይዛ መሮጧ ደግሞ በምንም ሰንጠረዥ አይገባም።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በማኅበራችን በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ከሰፈር የለቀቀች ወይም ወደ ውጭ የሄደች አባል ከመዝገብ ትውጣ ወይስ ትቆይ? መዋጮዋ ሲቋረጥ የሚመጣውን ችግር አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዧ የምትለው እውነት ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ የማየው፣ የሄደ ሰው የተማረውን ይዞ እንደሚሄድና አንድ ቀን በማይጠበቅ ቦታ እንደሚያሳየው ነው። ልጆቻችን በዓረብ አገርም ሆነ በአሜሪካ ሲቆጥቡ፣ ሲረዳዱ፣ የሞተባቸውን ሲቀብሩ፣ የሚሠሩት እዚህ በእናቶቻቸው ማኅበር ያዩትን ነው። ስለዚህ የእኔ አሳብ፣ የሄደች አባል መዋጮዋ እንደ አቅሟ ተወስኖ ስሟ በመዝገብ ይቆይ የሚል ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ይምከርበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የአመራራችን ነው። የሊቀ መንበርነት ዘመኗን የፈጸመች እኅት ከዚያ በኋላ ከስብሰባ መቅረቷ በብዙ ማኅበር የተለመደ ነው። ሥልጣን ለቅቆ እንደገና ተራ አባል መሆን ውርደት የሚመስለን አለን። ዴቢ ማኮርሚክ የዓለም ሻምፒዮን መሪ ከሆነች ከአሥር ዓመት በኋላ ለሌላ ሴት ድንጋይ ትጠርግ ነበር። እኛም ዘመናቸውን የጨረሱ እኅቶቻችንን በአማካሪነት የምናስቀምጥበትን ቦታ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ብናሰፍር መልካም ነው።

ደጋፊዎቻችን ደግሞ በየዓመቱ "ስንት ሴቶች ተቋቋሙ?" ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቁጥሩንም ሳንደብቅ እንሰጣችኋለን። ከቁጥሩ ጋር ግን አንድ ነገር እንድትቀበሉን እንለምናለን፦ ዘንድሮ ሱቋ የተዘጋባት አባል ከአምናው ሪፖርት ላይ "የተሳካላት" ተብላ የተጻፈችው ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ከዓመት በኋላም ሌላዋን የምታሠለጥነው እሷው ልትሆን ትችላለች። የአንድን ዓመት ውጤት ብቻ አይታችሁ እንዳትፈርዱባት፤ ድንጋዩ ገና እየሄደ ነው፣ እኛም እየጠረግን ነው።